ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ በአንድ ኮምፒዩተር

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ጥብሴን ስጠብቅ፣ ጎኔ ባለው ጠረጴዛ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላፕቶፕ ከፍተው ይነታረካሉ። አንዷ ሊዲያ ትባላለች፤ ስሟን ያወቅሁት ጓደኛዋ «ሊዱ፣ ተረጋጊ በቃ» እያለ ሲለማመጣት ነው። ልጅቱ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀራት። «አንዴ ሳስነሣው እንዲህ ይላል፣ ሁለተኛ ሳስነሣው ሌላ ይላል! አንድ ፊደል አልነካሁም እኮ! ሰይጣን አለበት እንዴ ይሄ ነገር?» ትላለች። እኔ ደግሞ የሰው ወሬ ጆሮዬ ገብቶ ዝም የማለት ጸጋ ድሮም አልተሰጠኝም። አንገቴን አስግጌ ስክሪኑን አየሁት፤ መነጽሬን አወጣሁና ደግሜ አየሁት። ከዚያ ሳቄ አመለጠኝ፤ አስተናጋጁ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። «ልጄ፣ ትሬድ የሚሉትን፣ ሥራ ጎን ለጎን የሚያስኬደውን ፕሮግራም ነው አይደል የምትሠሪው?» አልኋት። ሊዲያ ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ ወርዳ አየችኝ፤ አሮጊትን ከዓሣ እንጂ ከትሬድ ጋር ምን አገናኛት ማለቷ ነው። «እማማ፣ ያውቁታል እንዴ?» አለችኝ። «አውቀዋለሁ ወይ! ከሰው ተራ ሊያወጣኝ ነበር። በይ እንዳትነኪው፤ ያንቺ ትክክል ነው» አልሁ። አላመነችኝም፤ አልፈርድባትም። እኔም ያኔ ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ያኔ ስል ዓመቱን አትጠይቁኝ። ዓመት መቁጠር የመዝገብ ቤት ሥራ ነው። እኔ የማስታውሰው ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ገና ብርቅ እንደነበረና ሰው ሁሉ በቢስክሌት ይሄድ እንደነበረ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲለቅ መንገዱ በቢስክሌት ይሞላል፤ ባል ፊት ይነዳል፣ ሚስት ኋላ ዘንቢሏን ታቅፋ ትቀመጣለች፣ እየሄዱም ይጣላሉ። ቢስክሌት የሌለው በአንድ ብር ተከራይቶ ዘንባባዎቹ ሥር ከላይ እስከ ታች ሲመላለስ ያመሻል። ገበያው ማዕዘን ላይ ካሉት ካሴት ቤቶች አንዱ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ሲያሰማ፣ ማዶ ያለው በእልህ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስክስታ ይለቅበታል፤ መሐል ላይ የቆመ ሰው ግራ ጆሮው ሲያዝን ቀኝ ትከሻው ይነቀነቃል። ሻይ በሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ አሁን በስንት እንደሚጠጣ ብናገር ደም ግፊቴ ይነሣል። ዓሣውም ቢሆን፣ ያኔ ቆሮሶ በዘንቢል በሚገዛበት ዋጋ ዛሬ ጭራውን አይሰጡኝም። እኛ የቢሮ ሴቶች ደግሞ ጉልበት ላይ የሚደርስ ጉርድ ቀሚስ፣ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት፣ ድንጋይ መንገዱ ላይ ቁርጭምጭሚት የሚያጣምም ተረከዝ እናደርግ ነበር። ቅዳሜ ካስክ ገብቼ የወጣሁትን ጸጉር ሰኞ ማንም እንዲነካብኝ አልፈቅድም ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቢሮ እስክደርስ ያን ሁሉ ድካሜን ገለባ አድርጎት ይሄዳል።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ስሜ ትርንጎ ነው፤ ሥራ ቦታ «ትርንጎ መትረየስ» ይሉኝ ነበር፤ ለጣቴም ለአፌም ነው። ባል አግብቼ ፈትቼ የጨረስሁበት ጊዜ ስለነበር ቀልቤ ሁሉ ሥራዬ ላይ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የታይፕ ክፍሉ ሊዘጋ ነው ተባለ። የጽሕፈት መኪናዎቹን ጨርቅ አልብሰው መጋዘን አስገቧቸው፤ ወዳጅ የተቀበረ ያህል ነው የከፋኝ። ከዚያ አለቆቻችን እንዲህ አሉ፦ ኮምፒዩተር ተምሮ ፈተናውን ያለፈ እዚሁ ባሕር ዳር አዲሱ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ይመደባል፤ የወደቀ ቆላ ያለው ጣቢያችን መዝገብ ቤት ይሄዳል። ቆላውን አልንቅም፣ ሰው ይኖርበታል። ግን እኔ ብቻዬን አልነበርሁም። አባቴ አብረውኝ ነበሩ።

አባቴ የዘጌ መሪጌታ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተማሪ ሰብስበው ንባብና ዜማ አስተማሩ፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። እኔ ነኝ በጀልባ ያመጣኋቸው። የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ በሠራተኛነቴ የተሰጠኝ አንድ ክፍል ከነማድ ቤቱ ነበረችኝ፤ እዚያ አልጋ ዘረጋሁላቸው። ሐኪሙ የአንዱ ዓይን ሞራ ተነሥቶ ሌላው እስኪደርስ ከባሕር ዳር መራቅ የለባቸውም፣ ጠብታውም አንድ ቀን መዘለል የለበትም ብሎኛል። ቆላው ጣቢያ የዓይን ሐኪም የለም። ዘጌ ያለው ቤታችን ጣራው ገብቷል፤ እዚያ ጠብታ የሚያደርግላቸው ቀርቶ ለቅዳሴ እጃቸውን ይዞ የሚያደርሳቸው እንኳ አልነበረም። ስለዚህ እኔ ከወደቅሁ ክፍሏም ትሄዳለች፣ አባቴም ዓይናቸውን ያጣሉ። ነገሩ ይኸው ነበር። በየምሽቱ ከዕራት በኋላ «ትምህርቱ እንዴት ነው?» ይሉኛል፤ «ደኅና ነው አባዬ፣ እርስዎ አያስቡ» እላለሁ። ውሸቴን ነው።

የምንማረው በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የኮምፒዩተር ክፍል ማለት ያኔ ምን እንደነበር የዛሬ ልጆች አያውቁም። ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ከባድ መጋረጃ፣ ማሽኖቹ የዳንቴል ልብስ የለበሱ። ጫማ ይወለቃል! በር ላይ እማማ አስካለ የሚባሉ የጥበቃ ሠራተኛ ቆመው «ጫማ! ጫማ!» ይላሉ፤ ኃላፊ ይሁን ተላላኪ አይለዩም። አቧራ ማሽኑን ይገድለዋል ተብሎ ነው። እኔማ መጀመሪያ ቀን ጫማዬን አውልቄ ስገባ ሳላስበው አማተብሁ፤ ቤተ መቅደስ እንጂ ቢሮ አልመሰለኝም። ሽታው ግን የመቅደስ አልነበረም፤ የሃያ ሰው ካልሲ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ፈጣሪ ያውቀዋል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ማሽኖቹን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆዩት ዩፒኤሶች እንደ ጫጩት መጮኽ ይጀምራሉ፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሠራውን ፍሎፒ የሚሉት ዲስክ ላይ ለመገልበጥ ይራኮታል። የእኔ ፍሎፒ ስንቴ ተበላሽቶ ስንቴ እንዳለቀስሁ አላወራም።

አስተማሪያችን ሄኖክ የሚባል ቀጭን የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። መጀመሪያ ቀን «እርስዎ እዚህ ይቀመጡ» አለኝ። «እርስዎ አትበለኝ፣ እኔ እኮ ገና ካስክ የምገባ ሴት ነኝ» አልሁት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ እያለ አስተማረኝ። ጎበዝ ነበር። ክላስ ማለት ንድፍ ነው፣ ኦብጀክት ማለት ከንድፉ የሚሠራው ዕቃ ነው፣ አንዴ ነድፈሽ የፈለግሽውን ያህል ታወጫለሽ ሲለን እሱ ቶሎ ገባኝ፤ አንድ የቀሚስ ልክ ይዛ ሦስት ቀሚስ የምትሰፋ እናት አሳድጋኛለች። ሜተድ የሚሉትም ዕቃው የሚያውቀው ሥራ ነው፤ እሱም ገባኝ። መከራዬ የመጣው ትሬድ ላይ ነው። «እስካሁን ፕሮግራማችሁ አንድ ሥራ ሳይጨርስ ሌላ አይጀምርም ነበር። ትሬድ ስትፈጥሩ ግን በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ሥራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ» አለ ሄኖክ። ለመፍጠር ሁለት መንገድ እንዳለው ነገረን፤ ወይ ክላሳችሁ ትሬድ ከሚባለው ክላስ ይወለዳል፣ ወይ ራነብል የሚባለውን ውል ይፈርማል። እኔ በልቤ፣ ወይ የካህን ልጅ ሆኖ መወለድ ነው ወይ ተምሮ መቀሰስ ነው ብዬ ያዝሁት። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «ሥራውን ራን የሚባለው ሜተድ ውስጥ ትጽፋላችሁ። ግን ራንን ራሳችሁ አትጠሩትም። እናንተ ስታርት ነው የምትሉት፤ ከዚያ እሱ ራሱን ችሎ ይሄዳል።» ይህን ጻፍሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ሥራው ያለው ራን ውስጥ ከሆነ ራን ብዬ ብጠራው ምን ችግር አለው? ልጠይቅ እጄን ላነሣ ስል መብራት ሄደ፤ ጫጩቶቹ ጮኹ፤ ጥያቄዬ በዚያው ቀረ።

ለፈተና የምናቀርበው ሥራ ከአንድ ክላስ ሦስት ትሬዶች ፈጥሮ አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ነበር። እያንዳንዱ ስሙንና ቁጥሩን ከአንድ እስከ አምስት ይጽፋል፤ በየመሐሉ ለአንዲት ሰኮንድ ያርፋል። ሰው ሁሉ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብሎ ሰየማቸው። የመሪጌታ ልጅ ግን ሦስት ነገር ስትባል ሌላ ምን ይመጣላታል? ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ አልኋቸው፤ ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች ናቸው፣ ከጡት ጋር የጠጣኋቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፌ ደስ ባይለኝም ጻፍኋቸው፤ ስታርት አልኋቸው፤ ሄዱ። የወጣውን ጎንና ጎኑ ቀዳዳ ባለው ወረቀት አትሜ ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

አባቴ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ተማሪ የዋለበትን ቀለም ሳያሰማ አያመሽም። እኔንም ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፍ ላይ አስቀምጠው «የዋልሽበትን አሰሚኝ» ይሉኛል። ያን ቀን ኮራ ብዬ፣ «አባዬ፣ የእርስዎን ዜማዎች ኮምፒዩተር ውስጥ አስገባኋቸው» አልሁና ማንበብ ጀመርሁ። «ግዕዝ አንድ። አራራይ አንድ። ዕዝል አንድ። ዕዝል ሁለት። ግዕዝ ሁለት…»

«ቁሚ! ቁሚ!» አሉ፤ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱት። «ዕዝል ግዕዝን ቀድሞ ሁለት ይላል? ማን አስተማረው?»

«ማሽኑ ነው አባዬ።»

«እግዚኦ! ድብልቅልቁ የወጣ ነገር ሥራ አይባልም ልጄ። ማኅሌት እንዲህ ቢቆም ኖሮ ስንቱ ደብተራ በመቋሚያ ተፈናክቶ ነበር። ሂጂና አስተካክዪው።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ትክክል ናቸው ብዬ ነው የተቀበልሁት። በማግስቱ ፕሮግራሙን ደግሜ ባስነሣው ሌላ ተራ ይዞ ወጣ፤ አራራይ ሁለት ሲል ግዕዝ ገና አንድ ላይ ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሌላ። እኔ ያደግሁት አንዲት ቃል ከቦታዋ ብትዛነፍ «ተመለስ!» የሚባልበት ቤት ነው፤ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ የሚል ነገር ለእኔ የታመመ ነገር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስበጣጥሰው ከረምሁ። ደኅናውን አጠፋለሁ፣ ሌላ እጽፋለሁ፣ ያው ይደባለቃል። በመጨረሻ ያ ያልተጠየቀ ጥያቄዬ ትዝ አለኝ። እስቲ ስታርትን ላጥፋና ራን ልበለው አልሁ። አልሁት። ወይ ደስታ! ግዕዝ ከአንድ እስከ አምስት ቆጥሮ ጨረሰ፣ ዕዝል ተከተለ፣ አራራይ በመጨረሻ ገባ። አሥር ጊዜ ባስነሣው አሥሩንም ጊዜ ያው ነው። ለአባቴ አነበብሁላቸው። «አሁን ገና ሰው ሆነ! ተባረኪ!» አሉኝ። እኔም ተባርኬ፣ ልቤ ሞልቶ ወደ ፈተና ሄድሁ።

የሚፈትኑን ሁለት ናቸው፤ ሄኖክና የመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ። ኃላፊው ስለ ኮምፒዩተር የሚያውቁት ጫማ እንደሚወለቅ ብቻ ነው፤ በካልሲያቸው ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። ከእኔ በፊት የገቡት ሁሉ ሥራቸው የተደባለቀ ነበር፤ ኃላፊው ፊታቸውን አጨፍግገው «ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ ሰማሁ። የእኔ ሲነሣ ግን ፊታቸው ፈካ። ግዕዝ አንድ፣ ግዕዝ ሁለት፣ ግዕዝ ሦስት… «አየህ! ሥራ ማለት ይቺ ናት! ሥርዓት ያላት!» አሉ ሄኖክን። እኔ ትከሻዬ ላይ ያለው ስፖንጅ ሳይቀር አበጠ።

ሄኖክ ግን ስክሪኑን ያያል። ግዕዝ እያረፈ ይቆጥራል። «ትርንጎ፣ አራራይ የት ነው ያለው?» አለኝ።

«ተራውን እየጠበቀ ነው።»

«ማን ጠብቅ አለው?»

«ኧረ እባክህ! ግዕዝ ሳይጨርስ እንዴት ብሎ ይጀምራል?» አልሁ፤ ተቆጥቻለሁ።

ኮዱን ከፈተ። ሦስቱን መሥመር በጣቱ አሳየኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ኃላፊው እንዳይሰሙ ነው፣ እግዜር ይስጠው። «ሦስት ሠራተኛ ቀጠርሽ። ከዚያ የሦስቱንም ሥራ ራስሽ ሠራሽው። እነሱ እኮ አልተነሡም፤ እንደ ተቀመጡ ናቸው። እኔ ያየሁት ፕሮግራም አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው ያለው።» ኃላፊው ግን ጆሯቸው ደኅና ነው። «ወደቀች ማለት ነው?» አሉ። ሄኖክ ሰዓቱን አየና፣ «ሌሎቹን እስክጨርስ ጊዜ አላት። ከምሳ በፊት ታስተካክላለች» አለ።

ወጥቼ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ሥር ቁጭ አልሁ። ምኑን ላስተካክል? ወደ ስታርት ከመለስሁት ይደባለቃል፤ ከተደባለቀ የተበላሸ ነው፤ ራን ካልሁት ያምራል፤ ግን ወደቅሽ እባላለሁ። ያ ዘጌ ያለው ቤት ታየኝ። ጣራው ገብቶ፣ ቡናው ውስጡ በቅሎ፣ አባቴ ደጃፉ ላይ በመቋሚያቸው መንገድ ሲፈልጉ። አለቀስሁ። ከዚያ ያ ደጃፍ ድሮ እንዴት እንደነበር ትዝ አለኝ። ከቡናው ጥላ ሥር ተማሪዎቹ በየድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮኻል፤ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ አንዱ ዳዊት ይደግማል፣ አንዱ ጾመ ድጓ ያዜማል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። በጀልባ የሚመጡ ፈረንጆች ጠብ የተነሣ መስሏቸው ቆመው ያያሉ። አባቴ መሐል ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ «አንተ፣ ተመለስ! ዘለልሃት!» ይላሉ፤ ያ የዘለለው ልጅ ራሱ ያውቃል። አንዱን ልጅ ቀለሙን ያሳዩትና «በል!» ይሉታል፤ ልጁ ይጀምራል። እሱ እስኪጨርስ አይጠብቁም፣ ወደ ሌላው ይዞራሉ። «በል!» አሁንም ወደ ሌላው። አንድ ቀን እንኳ ተማሪውን አስቀምጠው የእሱን ቀለም እሳቸው ሲያነበንቡለት አላየሁም! በተራ ቢያደርጉትማ የመጨረሻው ልጅ ጢም አብቅሎ ነበር ፊደል የሚጀምረው።

እንባዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ሳቅሁ። አንቺ ቂል፣ አልሁ ራሴን፣ ስታርት ማለት «በል» ማለት ነዋ! ራን ብዬ መጥራቴ ልጁ ቁጭ ብሎ እያየኝ ቀለሙን እኔው ማነብነቤ ነው። አባቴ የዜማዎቹን ስም ሲሰሙ ማኅሌቱን አሰቡ፤ ማኅሌት ደግሞ ሥርዓት አለው። እኔም እሳቸውን ተከትዬ ያንኑ አሰብሁ። ግቢያቸውን ሁለታችንም አላሰብነውም። ያ ሁሉ ጩኸት ያለ ተራ ነበር፣ ያ ሁሉ ልጅ ደግሞ ተምሮ ወጥቷል።

ሮጥሁ። እማማ አስካለ «ጫማ! ጫማ! አንቺ ሴት!» እያሉ ምንጣፉ ላይ ተከተሉኝ፤ እኔ ተረከዜን እያንቋቋሁ ማሽኑ ላይ ደረስሁ። ሦስት ቦታ ራን የሚለውን አጥፍቼ ሦስት ቦታ ስታርት ጻፍሁ። ሄኖክና ኃላፊው ከኋላዬ ቆሙ። አስነሣሁት። ሦስቱም አብረው ፈነዱ፤ ግዕዝ አንድ፣ ዕዝል አንድ፣ አራራይ አንድ፣ አራራይ ሁለት… ኃላፊው «አበላሸችው!» አሉ። ሄኖክ እጁን ዘርግቶ ደግሞ አስነሣው፤ ሌላ ተራ ይዞ ወጣ። ደግሞ አስነሣው፤ ሌላ። እኔ ጣቴን ነክሼ ቆሜያለሁ። «ጌታዬ፣ ሦስቱም ትክክል ነው» አላቸው ኃላፊውን። «እነዚህ ሦስት ሠራተኞች ናቸው፤ ማን ቀድሞ እንደሚናገር እኛ አንወስንም።» ኃላፊው ስክሪኑን አዩ፣ እኔን አዩ፣ የእኔን ጫማ አዩ። ምሳ ሰዓታቸው ደርሷል። «አንተ ካልህ ይሁን፤ አለፈች በልና ጻፍ» አሉ። እፎይ! ከእግሬ ሥር ጀምሮ የሆነ ነገር ሲለቀኝ ይታወቀኛል። ወንበሩ ላይ ዘጭ አልሁ። እማማ አስካለ መጥተው ጫማዬን ከእግሬ ሲያወልቁት አንድ ቃል አልተናገርሁም።

ከዚያ በኋላ እዚያ ኮምፒዩተር ክፍል ጡረታ እስክወጣ ሠራሁ። ስንቱን አዲስ ሠራተኛ «ተደባለቀብኝ» እያለ ሲመጣ «እሰይ!» እያልሁ አረጋግቻለሁ። ለሊዲያም ዓሣዬን እየበላሁ የነገርኋት ይህንኑ ነው። ጓደኛዋ ፈጠን ብሎ፣ «ታዲያ እማማ፣ የጨረሰውን ትሬድ እንደገና ስታርት ብንለውስ?» አለኝ፤ ሊፈትነኝ ነው። «አይነሣም፤ ይቆጣሃል። አንዴ ጀምሮ የጨረሰ ትሬድ ጨረሰ ነው፤ አዲስ ፍጠር። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ሥራ ቦታ ተመለሺ ብትለኝ እንደዚያው ነኝ» አልሁት። ልጅቱ እያየችኝ ቀስ ብላ ላፕቶፑን ከደነች፤ ትከሻዋ ሲወርድ፣ ትንፋሿ ሲወጣ አየሁ። «ሦስት ቀን ነው እኮ ያለቀስኩት» አለች። እናቴን! አውቀዋለሁ አልኋት። ዛሬ ሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ፣ መብራት ተተክሎ፣ ወጣቱ ፎቶ ሲነሣ ያመሻል፤ ኮምፒዩተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ጫማውን እንዳደረገ ይሠራል። የሚያስጨንቀው ነገር ግን ያው ነው፤ እንደኛው ነው የሚያስለቅሰው።

ያን ቀን ግን ከፈተናው ወደ ቤት የሄድሁበትን መንገድ አላስታውሰውም፤ ቢስክሌት ላይ ይሁን በእግሬ እንጃ። ደስታዬን ይዤ ግቢው በር ስገባ አባቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ካባቸውን ደርበዋል፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው ጠምጥመዋል። እግራቸው ሥር ዳዊታቸውና ጋቢያቸው በአንድ ጨርቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ወዴት ነው?»

«የዘጌው ጀልባ ከቀትር በኋላ ይነሣል ብለውኛል። ጎረቤትሽ ወደቡ ድረስ ሊያደርሰኝ ነው።»

«ማን ሂዱ አለዎት?»

«ማንም አላለኝም። ብትወድቂ አንቺ በአፍሽ ሂዱ ማለት ይጨንቅሻል ብዬ ነው። ተነሥቼ ብጠብቅሽ ይሻላል አልሁ።»

ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። «አለፍሁ እኮ አባዬ» አልሁ።

መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በሥርዓት ወጣልሽ?»

«የለም። ተደባልቆ ወጣ። ልክ እንደ እርስዎ ተማሪዎች፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እየጮኸ።»

ይህ ሲገባቸው አየሁ። ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል እሳቸው ሲከለክሉት። «ማን ቀደመ?»

«አንዳንዴ ግዕዝ፣ አንዳንዴ አራራይ።»

«ሁሉም ጨረሱ?»

«ሁሉም ጨረሱ አባዬ።»

ከዚያ ቋጠሮውን በእጃቸው ዳብሰው አገኙትና ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«እንግዲያውስ ምሳ አልበላሁም» አሉኝ።